ሁለት ወንበር

ዳኮታ ላይ ስንዴው እንደ ባሕር ሲተኛ፣
በጭነት ፉርጎ መጣን፣ የወቅት ቀን ሠራተኛ፤
አርባ ሰው፣ አርባ አልጋ፣ አንድ የቆርቆሮ ቤት፣
ስማችን የሚጠራው ቅዳሜ፣ በደሞዝ ሰዓት።

የእኔ አልጋ በሩ ጋ ነው፣ ነፋስ የሚገባበት፣
የወጣ የገባ ሁሉ ብርድ ልብሴን የሚረግጥበት።
ከጎኔ ያሉት ግን ሁለት ነበሩ፣
አንሰልምና ሩፈስ፤
ከኦክላሆማ ጀምሮ አንድ ስልቻ በተራ የሚያዞሩ።
ሩፈስ መቀስ አለው፣ ካባቱ የወረሰው፤
አንሰልም ምላስ አለው፣ እንቅልፍ የማያሸንፈው።

ፋኖሱ ሲጠፋ፣ ሰው ሁሉ ሲከተት፣
አንሰልም ይጀምራል ያንኑ የትናንቱን ተረት፦
«የፀጉር ቤታችን ጥግ ላይ ነው፣ ከባንኩ ፊት ለፊት፤
ወንበሩ ቀይ ቆዳ የለበሰ፣ የሚሽከረከር ባንድ ጣት፤
መስታወቱ ትልቅ፣ ፈረስ ከነጋላቢው የሚያሳይ ሙሉ፤
አንተ ትቆርጣለህ፣ እኔ እጠርጋለሁ፣ አወራለሁ፣ ሰዎቹ ይስቃሉ።»
«ሁለተኛው ወንበርስ?» ይላል ሩፈስ፣ መልሱን እያወቀ።
«ተራ ለሚጠብቅ ነዋ! ሰው ቆሞ አይጠብቅም» ይላል፣ እየሳቀ።

እኔም በሩ ጋ ሆኜ፣ የተኛሁ መስዬ ሳዳምጥ፣
በዚያ በሁለተኛው ወንበር በስርቆት ስቀመጥ
አድር ነበር።

እሑድ እሑድ ሩፈስ ባልዲ ገልብጦ፣
ይቆርጠናል በየተራ፣ አንዱን አስነሥቶ ሌላውን አስቀምጦ።
ዋጋው አምስት ሳንቲም። ትገባለች በትምባሆ ጣሳ፤
ኳ ትላለች። አንሰልም ቆጥሮ አይረሳ።
እውነቱን ልናገር፤ ለፀጉሬ አልነበረም የምከፍለው።
ስንት ወር ሰው ያልነካውን ራሴን በሁለት ጣት ዘንበል ሲያደርገው፣
ትንፋሼን እይዝ ነበር፣ ቶሎ እንዳይጨርስ።
ከጆሮዬ በላይ በቅሎ የረገጠኝ ጠባሳ አለ፤ እዚያ ሲደርስ
መቀሱ ይዘገያል።
«ያምሃል?»
እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

ነሐሴ ላይ ተስቦ ገባ፣ ከጉድጓዱ ውሃ።
አንሰልም ወደቀ፤ ያ አፍ ዝም አለ፣ ከንፈሩ ሆነ በረሃ።
ሩፈስ ሌሊት ሌሊት ተረቱን ተረከበ፤
ተረት የማይሆንለት ሰው፣ እየሳተ፣ እየተንተባተበ፦
«ጥግ ላይ ነው... ከባንኩ... ወንበሩ ጥቁር...» አለ በዘጠነኛው ሌሊት።
«ቀይ» አለ አንሰልም።
ሌላ ቃል አልወጣውም። ነጋ። እኛም ስንዴ ልናጭድ ወጣን።

የእርሻው ሹም አንድ ስም ሰረዘ። አልጋው ሳይቀዘቅዝ ሰው አገኘ።
ሩፈስ ጣሳውን በጉያው ይዞ በሌሊት ወጣ፤
ብርድ ልብሴን ረግጦ አለፈ።
ልነሣ ነበር። ምን እንደምለው ስፈልግ በሩ ተዘጋ።

አሥራ አንድ ዓመት። ስንት ፉርጎ፣ ስንት ድንች፣ ስንት ጥጥ።
ሞንታና ውስጥ፣ ባንዲት ከተማ፣ ዝናብ ሽሽት ስሮጥ፣
ጥግ ላይ፣ ከባንኩ ፊት ለፊት፣ ትልቅ መስታወት አየሁ፤
ቀይ ወንበር፣ ሁለት። ገባሁ።

አንደኛው ሲሠራበት ኖሮ ቆዳው ነትቧል፤
ሁለተኛው ሰው ያልነካው፣ እንደ ትናንት ተገዝቶ ያበራል።
ሁለት ገበሬዎች ባርኔጣቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈዋል፤
እዚያ ማንም አይቀመጥም፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ተራዬ ደረሰ። ሩፈስ ሸብቷል፣ ቀና ብሎም አላየኝ፤
በሁለት ጣት ራሴን ዘንበል አደረገው፣ እንደ ማንም ቆጠረኝ።
ከጆሮዬ በላይ ሲደርስ ግን መቀሱ ዘገየ።
ከዓይኑ በፊት እጁ ለየኝ።
«ያምሃል?» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ።
«ሰው ቆሞ አይጠብቅም» አልኩት።

መቀሱ ቆመ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ሄደ።
ከዚያ ሩፈስ በእጅጌው ቀዩን ወንበር ወለወለው፣ አቧራ ሳይኖርበት፤
ወደ ገበሬው ዞሮም፣ «ተቀመጥ» አለው።

መጥረጊያው ጥግ ላይ ነበር። አነሣሁት።
የወደቀው የራሴ ፀጉር ነው፣ ግማሹ ነጭ።
ወሬ አልችልም እኔ።
ቢሆንም ከዝናቡ ጀመርኩ።