ጎኑ ለበረባሶ

ግንቦት ድሬዳዋ፣ ጥላው ራሱ ሲግል፣
አስፋልቱ ይላላል፤ ጫማ ይዞ "አልለቅም" ሲል
አይቻለሁ ቆሜ፣ ከሳቢያን መታጠፊያ፣
ተረከዙን ትቶ ሲሄድ የአንዲት ተማሪ መጫሚያ።

የመንገድ ላብራቶሪ ነው የኔ እንጀራ፤
ሙቀት ስለካ፣ ድንጋይ ስመዝን፣ ከወንፊት ጋር ስሠራ።
አለቃዬ ጠራኝ፦ "ኢፍቱ፣ አሮጌ ጎማ ፈልጊ፤
ፈጭተን ከሬንጁ እናዋህደው፤ ሦስት መቶ ሜትር ነው፣ አትስጊ።"

የት ይገኛል ጎማ? ድሬ ላይ ጎማ አይሞትም፤
ፍየል ያጠጡበታል፣ አጥር ያጥሩበታል እንጂ አውጥተው አይጥሉትም።
ከዚያ የተረፈው ሄዶ የሚያርፍ
ከታይዋን ጀርባ ነው፣ ከአቶ አብዱልሰመድ ደጃፍ፤
በረባሶ ሰፊ ነው፣ አርባ ዓመት ባንድ ወንበር፤
"ጎማ ኩሩ ነው" ይላል፣ "ቢላው በሳሙና ውሃ ካልራሰ አይበገር።"

"ለመንገድ?" አለና ቀና ብሎ አየኝ።
ለመሳቅ ፈልጎ፣ ሳቁን አቆየኝ።
"ሲልሰው ሲሸርፈው ኖሮ፣ ዛሬ ደግሞ ታጎርሺዋለሽ?
እሺ፣ ለኔስ ደንበኛ፣ ለባዶ እግሩ ምን ትተይለታለሽ?"

መልስ አልነበረኝም።

ተደራደርን ቁጭ ብለን፣ ከፀሐይ ሸሽተን፣ ከሸራው ሥር፦
ጥርሱ ያለቀው ለመንገድ፤ ጥርስ የቀረው ለሶል፤ ጎኑ ለማሰሪያ፣ ለክር።
ሽቦውን ማናችንም አልፈለግነውም፤
ልጁ ሬድዋን ለቆራሌው ሸጠው። ዋጋው አልተነገረኝም።

ድንጋይስ?
ከተራራው የወረደው በሃ ድንጋይ ነጭ ነው፣ ለስላሳ፤
ሬንጅን አጥብቆ ያቅፋል፤ ጭነት ሲመጣ ግን ኮሳሳ።
በብረት በርሜል፣ ከብረት ኳስ ጋር፣ አምስት መቶ ዙር ሳዞረው
አርባው ከመቶ ዱቄት ሆነ፤ ብዕሬ ከመዝገብ ሰረዘው።

ያኔ ነው የአባቴ ድንጋይ ትዝ ያለኝ።

ከለገሃር ጀርባ፣ አሮጌው ሃዲድ ከተነሳበት፣
የኮረት ክምር አለ፣ ዘይት የጠጣ፣ እሾህ የበቀለበት፤
አባቴ በዶማ ከሃዲዱ ሥር የጎሰጎሰው፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባቡር እየመጣ እንቅልፍ የነሳው።
"ድንጋይ ካልተቀመጠ ባቡር አይሄድም" ይል ነበር፣ ወገቡን ይዞ።

አጠብኩት። ዘይቱን አስለቀቅኩ። በርሜሉ ውስጥ ከተትኩ።
አምስት መቶ ዙር። የአባቴን ሳል እየሰማሁ ቆጠርኩ።
አሥራ ስምንት ብቻ ነው፣ ከመቶ፣ የደቀቀው።
"እሱ መች በቀላል ይደቅና!" አለች እናቴ በስልክ፤
ድንጋዩን ይሁን አባቴን፣ አልጠየቅኩም፤ የሚያውቀው ይወቀው።

ሌሊት ነው ያነጠፍነው፣ ከደቻቱ ማዶ፣ ነፋሱ ትንሽ ሲበርድ፤
ጎማው ሬንጁ ውስጥ አብጦ፣ የተቃጠለ ጫማ ሲሸት መንገድ።
ዳምጠው ከወዲያ ጫፍ፣ ሹፌሩ ጋሽ ሰንደቁ ሲያንጎራጉር፣
አብዱልሰመድ መጣ፣ ማንም ሳይጠራው፣ በገዛ በረባሶው፣ በእግር።

ገመዱን ተሻገረ። "አባባ፣ ይፋጃል!" ብዬ ሳልጨርስ
አንድ እግሩን አሳረፈ ትኩሱ ላይ፣ ቀስ።
ጎማ በጎማ ላይ። ጥቂት ቆየ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደሚሰማ።
"ተዋወቁ" አለ። ዞሮ ሄደ፣ ወደ ጨለማ።

አሻራው ቀረ፤ የሶሉ ጥርስ፣ የጠርዙ ስፌት፣ አንድም ሳይጎድል።
ጋሽ ሰንደቁ አየኝ። አየሁት። ዳምጠው መጣ፣
አለፈበት፣ እንደ ዝሆን ቀስ ሲል።

በሪፖርቱ ላይ፦ ውፍረት አምስት ሳንቲሜትር፤
ሙቀት መቶ ሃምሳ፤ ጉድለት፣ የለም።
አሻራውን አልጻፍኩም።

ግንቦት ገና ነው።
ሲገባ፣ በቀትር፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ተጫምቼ
ልቆምበት ነው።