እሳቸው

ኅዳር ነው በቱርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲመታ
ቀኑ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል በዝግታ።

እኔም ከመርከብ ጽዳት እወጣለሁ፣ እጄ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ።
(ገና ባሕር ያላየ መርከብ ነው፤
የማንም ፊት ያልታየበት መስታወት እወለውላለሁ።)
ወንዙን የምታሻግረን ፎሪ ናት፣
ብርቱካን ቀለም የተቀባች፣ ወገበ ሰፊ ጀልባ፤
ክፍያ የላትም፣ መንገዷ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ነው።
ሰው ይወጣል፣ ሰው ይወርዳል።
እኔ አልወርድም።
ምዕራፉ እስኪያልቅ ስድስቴ፣ ሰባቴ እመላለሳለሁ።

ታርሞ፣ ጀልባ ነጂው፣ በመጀመሪያው ሰሞን በጎሪጥ ያየኝ ነበር፤
ኋላ የመጽሐፉን ጀርባ አየና፦
“የአይኒ ሆርማቫራ ነው? ስንተኛው ቅጽ?”
“ሦስተኛው።”
“ቤተ መጻሕፍት ተራ ይዣለሁ፣ አርባ አንደኛ ነኝ።
መርከቧ ደረሰች አልደረሰች፣ እንዳትነግሪኝ!”

ከተነሣች ቆየች፣ ሦስት መቶ ዓመቷ፤
ጨለማ ነው ደጇ፣ መብራት ነው አንጀቷ።
ዝናቧ በትእዛዝ፣ በደወል ይዘንባል፤
የሞተ ሰው ስሙ ለስንዴ ይሰጣል፤
ከርሞ በዳቦ መልክ ማዕድ ላይ ይመጣል።
ካፒቴን አለባት፣ ኦሪ የሚባል…
የምትባል…

እዚህ ላይ ነው የቆምኩት።

በፊንላንድ ቋንቋ እሱም እሷም አንድ ቃል ናቸው፦ ሃን።
ሃን ሣቀ፣ ሃን ሣቀች፤ ቃሉ ምስጢር አያወጣም።
ደራሲዋ ይህን ታውቃለች፤
ሽልማት በሽልማት ላይ የደረበችው በከንቱ አይደለም።
ሦስት ቅጽ፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ
አንድ ጢም፣ አንድ ቀሚስ አልጣለችልኝም።

ቤት ስገባ ትርሲት አለች፣
የሆስፒታል አንሶላ ስታጥፍ ውላ ክንዷ ዝሎ።
መጽሐፍ አትወድም፤ ያለ ታሪክ ግን እራት አይዋጥላትም።
“ከዚያስ?” ትላለች ማካሮኒውን እያማሰለች።
“ከዚያማ ኦሪ ወደ ሞተሩ ክፍል ሄ…”
አማርኛዬ እንደ ኬላ ጠባቂ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ፦
ሄደ ነው ሄደች? ሳትናገሪ አታልፊም።

“ወንድ ነው” አለች ትርሲት፣ “ተደብቆ ነው የሚያለቅሰው።”
“ሴት ብትሆንስ?”
“ታዲያ እስከ ሦስተኛው ቅጽ ድረስ እንዴት ማንም አልሰደባትም?”

ሁለት ሌሊት አሰብኩበት።
በሦስተኛው ቀን፣ ፎሪ ስስ በረዶ እየሰበረች ስትሄድ፣
መልሱ መጣ፤ ከሩቅ አይደለም፣
“ይግቡ”፣ “ይቀመጡ”፣ “አይነሡ” ከሚለው ከገዛ አፌ።

“ኦሪ ሄዱ” አልኳት ማታ።
“ሞተሩ ፊት ቆሙ። መዳፋቸውን አሳረፉበት። አለቀሱ።”
ትርሲት ማማሰሏን ተወች።
“ትልቅ ሰው ናቸዋ” አለች፤
ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አጠለቀች፣
ቀጥ ብላም ተቀመጠች፣ እንግዳ እንደገባ።

ከዚያ ወዲያ አንቱ ናቸው በእኛ ቤት፤
ስማቸው ሲነሣ ቴሌቪዥኑ ይቀነስላቸዋል።

አራተኛው ቅጽ ነገ ይመለሳል። ማራዘም የለም፣ ወረፋው ረጅም ነው።
ዛሬ ስንት ጊዜ እንደተሻገርኩ አልቆጠርኩም።
ታርሞ ፊቴን እንዳያነብ ወደ ውሃው ዞሮ ይነዳል።
በመጨረሻው ገጽ ኦሪ መስኮት ዳር ናቸው፤
ከመስታወቱ ወዲያ ሽምብራ የምታክል ብርሃን።
የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሁለት ቃል ነው፣
እየደረሱ ይሁን፣ ገና ወደፊት ይሁን አይለይም፤
ያ ቋንቋ ለነገ ብሎ ያስቀመጠው ግስ የለውም፣
በዛሬው ይበደራል።

ትርሲት በሩን ከፍታ ጠበቀችኝ፣ ድስቱን ሳትጥድ።
“ደረሱ?”
አፌን ከፈትኩ፤ ኬላ ጠባቂዬን ፈራሁት።
እሱ ግን ዛሬ ገመዱን በገዛ እጁ አነሣልኝ።
“ይደርሳሉ።”
“አሁን ነው ኋላ?”

“ይደርሳሉ።”