አሥራ አንድ ስም

ማክሰኞ ማለዳ ከቡሬ ሆስፒታል አንድ ወረቀት መጣ፣
ማኅተም ያረፈበት፣ ለእድሩ ጸሐፊ፦ «ጠያቂው ታጣ።
ስድስት ቀን አደረ፤ አልጋ የለንም፣ ወገንም አልመጣ፣
ማዘጋጃ ቤቱ በሰሌን ይቀብራል እስከ ዓርብ ካልወጣ።»
ስም በሚለው ቦታ «ሃምሳ አለቃ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ነጠብጣብ።
ዕድሜ፦ ሰባ ግድም። አድራሻ፦ መጋዘን፣ በርበሬ ተራው አጠገብ።

መዝገቤን ገለጥሁት፣
ከላይ እስከ ታች በጣቴ ወረድሁት፤
የለም።
ሃያ ብር መዋጮ አንድም ቀን ከፍሎ አያውቅም።
ለቅሶ ግን አይቀርም፤
ድንኳን ስንተክል በአንድ እግሩ ቆሞ ካስማ የሚመታው
እሱ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ሸራውን የሚወጥረው።
እኛም ስሙን ሳንጠይቀው ሃያ ዘጠኝ ዓመት
«ሃምሳ አለቃ፣ ያንን ገመድ ሳበው» እያልን ኖርንበት።

ዳኛው አቶ ሽባባው መነጽሩን አወለቀና
«ደንብ ደንብ ነው፤ ላልከፈለ ድንኳን አይወጣም» አለና
ዝም አለ። ደንቡን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣
አንቀጽ አራት ላይ፤ ያን ለት የገዛ ጽሕፈቴ ጎረበጠኝ።

ጥሩሰው ጠላ ሻጭዋ ከበር ቆማ ኖሯል የሰማችው፦
«ሰው ሬሳ ሆኖ ተኝቶ መዝገብ ነው የምትገልጡት? ወይ ጉድ ነው!
አፈርስ የማን ነው? አፈርም በወር መዋጮ ይገባል?
እግሩን ምጽዋ ጥሎ የመጣ ሰው በሰሌን ይጠቀለላል?
በእንጨት ተተክቶ በርበሬያችሁን የጠበቀ፣ ሌሊት ሌሊቱን፣
ብርዱን እያስነጠሰ፣ አቧራውን!»

መጋዘን ሄድን። ከጆንያው ጀርባ፣ ከጠባብ ጓዳው
የቆርቆሮ ሣጥን አገኘን፤ ቁልፉ የዛገ፤ እንየው በድንጋይ ሰበረው።
አንድ ምላጭ። ግማሽ ሳሙና።
የስንብት ወረቀት፤ ማዕረጉ ይነበባል፣
ስሙ ካለበት ላይ አይጥ በልቶታል።
ከሥር የተማሪ ደብተር፣ በእርሳስ የተጻፈ፦
ኃይለ ሚካኤል። ናቅፋ። ጉድጓድ አልነበረም።
ወልደ ሰንበት። ከረን መንገድ። ድንጋይ ጫንሁበት።
ገብረ ሥላሴ። አፋቤት። ፈልጌ አላገኘሁትም።
እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ሰው፣
አሥራ አንድ የክርስትና ስም። የገዛ ስሙ ግን የት ነው?

ቄስ ልሳነወርቅ ደብተሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፣
ጥምጥሙን ነካካ፣ ተቀመጠ።
«እነዚህን አውቃቸዋለሁ፤ በየኅዳሩ ያስፈታቸው ነበር፣
ወንድሞቼ ናቸው እያለ፤ አሥራ አንድ ወንድም ከየት አመጣ ብዬ ስገረም ነበር።»
«የሱስ ስም፣ አባ?»
«የሱን አልጠየቅሁትም» አለ። እኔም መዝገቤን ዘጋሁ፣
ለካ ሁለታችንም ጸሐፊዎች ነን ብዬ አፈርሁ።

ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ ጥሩንባ ተነፋ።
ማን እንደነፋው አልተጠየቀም፤ ብቻ ያን ለት
አቶ ሽባባው ለቅሶው ላይ ሲመጣ ከንፈሩ አብጦበት
በነጠላው ጫፍ ይሸፍነው ነበር።

የተሸከሙት የበርበሬ ተራ ጫኝ አውራጆች ናቸው፣
ከሥራ የመጡ፣ ትከሻቸው ቀይ፣ ቅንድባቸው ቀይ፣ መዳፋቸው።
ሚካኤል ደጅ ስንደርስ ፍታቱ ተጀመረ፤
ቄሱ «የባሪያህን ነፍስ» ብሎ እስከ ስሙ ድረስ አነበበና ቆመ፣
ቅጠል እንኳ የተነቃነቀ አልመሰለኝም።
ከዚያ አሥራ አንዱን ጠራቸው፣ አንድ ባንድ፣ ረጋ ብሎ፣
ጉድጓድ ያላገኙትን ሁሉ ወደዚያ ጉድጓድ አስጠግቶ፣
በመጨረሻም ዝቅ ባለ ድምፅ
«የዚህን ደግሞ ስሙን አንተ ታውቃለህ» አለ።

ከተሸካሚዎቹ ትንሹ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።
«አለቀስህ?» አሉት ሊያላግጡበት።
«በርበሬው ነው» አለ።
ሁላችንም በርበሬው ነው አልን፤ ያልተሸከምነውም፣
መጋዘን ደጅ ደርሰን የማናውቀውም።

ደብተሩ እኔ ጋ ነው። ኅዳር ሲገባ ይዤው ሄድሁ፣
አሥራ አንዱን አስጠራሁ።
ከነሱ ሥር አንድ ባዶ መስመር አለ።
ስክሪፕቶዬን አነሣሁ፤
ብዙ ቆየሁ፤
መልሼ ክዳኑን ገጠምሁ።