የፊት ነገር

ስክራንተን በረዶ ሲጥል፣ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሥር፣
መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከመስታወት ጋር ነው የምኖር፤
ጓንት አጥልቄ፣ ትንፋሼን ውጬ፣
አንድ በአንድ ከሣጥን አውጥቼ፣
ሙታንን በጠርዛቸው ይዤ ብርሃን ላይ አስተኛለሁ።

ኔጋቲቭ ናቸው፤ ዓለሙን ተገልብጦ ነው የማየው፤
ከሰል ቆፋሪው ፊቱ ወተት፣ ጥርሱን ጥላሸት የቀባው፣
የመጀመሪያ ቁርባን የሚቀበሉ ሕፃናት ጥቁር ለብሰው፣
በእጃቸው የያዙት ሻማ ጨለማ እያበራ።
ማሽኑ ያጉረመርማል፤ የብርሃን ዘንግ ያልፋል በተራ፤
ከዚያ ነጩ ይነጣል፣ ከሰሉም ይከስላል፣
ሁሉም ወደ ቀለሙ ይገባል።

ቅጹ ይጠይቃል፦ ርእስ? ቀን? ቦታ? በምስሉ ያለው ማነው?
“ያልታወቀ” እላለሁ። “ያልታወቀች”። በቀን አርባ ጊዜ ነው፤
እጄ ለምዶታል፣ እንደ አሜን።

ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሰባት።
እንደ ፈረንጆቹ አርባ ሦስት፣ ሐምሌ፣ የገዳሙ የልብስ ማጠቢያ ቤት።
ገና ያልመነኮሱ አሥር ልጃገረዶች፣ እጅጌያቸው እስከ ክርን ተጠቅልሎ፣
አንሶላው ከኋላቸው እንደ መርከብ ሸራ ነፋስ ሞልቶት፤
ዘጠኙ ይስቃሉ።
ከግራ ሦስተኛዋ ፊት የላትም።
ተፍቋል። በንዴት አይደለም፣ በችኮላም አይደለም፤
ክብ ነው፣ ታጋሽ፣ ድስት እንደሚፈትግ እጅ።
መስታወቱ ላይ ብርሃን የሚያልፍበት መስኮት ነው፤
ስክሪኑ ላይ ግን ጉድጓድ፣ የከሰል አፍ ነው የሚመስለው።

“ፕሮግራሙ ይሞላዋል” አለ ጌርሃርት፣ አለቃዬ፣ ደግ ሰው፤
አንድ ቁልፍ ተጫነ። ከጎረቤቷ ጉንጭ ተበደረ፣ ከወዲያኛዋ ዐይን ተዋሰ፣
አፏ ላይ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ሳቅ ለጠፈባትና
“ይኸው” አለ፤ “ዳነች።”

ሐሙስ ዕለት ሲስተር ክሌመንታ መጡ፣ ከጡረተኞቹ ቤት፣
የቴኒስ ኳስ የተጫማ ባለ አራት እግር ብረት ተደግፈው፤
ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው። ጣታቸው ስክሪኑን ሳይነካ ሄደ፦
“ይቺ ኦዲሊያ፣ በአፍንጫዋ ነበር የምትዘምረው፤
ይቺን የሳንባ ምች ወሰዳት፤ ይቺ ወጥታ የአውቶቡስ ሾፌር አገባች፣
በየገናው አንድ ሙሉ የአሳማ ጭን ትልክልን ነበር…
ይቺ ደግሞ ማናት?”

አፈርኩ። ዋናውን ከፈትኩላቸው፣ ጉድጓዱን።
ዝም አሉ፤ የማሞቂያው ቧንቧ ሁለቴ አንኳኳ።
“በፀጉር መርፌ ነው” አሉ። “ፀጉሬ ሊቆረጥ አንድ ሌሊት ሲቀረው፤
ከዚያ ወዲያ መርፌው ሌላ ሥራ አልነበረው።
የአባን የፎቶ ክፍል የምጠርገው እኔ ነበርኩ፤
ሦስት ቀን ተመላልሼ አየኋት፤ በሦስተኛው ፈራሁ።
ቆንጆ ነበርኩ። ይቅር ይበለኝ። ግን ነበርኩ።”

“ማን ብዬ ልጻፍ?” አልኳቸው፤ ቅጹ ያለው አንድ ሣጥን ነው።
“የተፋቀችው ዩስቲና ናት፣ ዩስቲና ቮይቺክ፤
የፋቀችው ግን የነገዋ ክሌመንታ።
ሁለቱንም ጻፍ። ቀዳዳውን አትድፈን፤
ሰባ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ።”

ከዚያ መስታወቱን ለመኑኝ። ጓንት አጠለቅኩላቸው፤
ወደ መብራቱ አነሡት፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፤
በልጅቷ ፊት ቦታ፣ በዚያች በጠራች ክብ ውስጥ
አንድ ዐይን ብቅ አለ፣ ሽፋሽፍቱ የረገፈ፣ ውሃ ያቀረረ፤
የፊት ፊቷ፣ የፊት ነገር፣ ከፊቴ ቆሞ አየኝ።

የጌርሃርትን ሳቅ አጠፋሁት፤ ቅርጫት ገባ፣ ድምፅ ሳያሰማ።
“ጉዳት” በሚለው መስመር ላይ “የፀጉር መርፌ፣ ሆን ተብሎ” ብዬ ጻፍኩ።

ቀጣዩ፣ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት፦
ደረጃ፣ ባልዲ፣ አንድ ውሻ። እጄ ለምዷልና “ያልታወቀ” ልጽፍ ስል
የቴኒስ ኳሶቹ በሩ ላይ ቆሙ፤ ዞር ብለው አዩና፣
“የአባ ውሻ ነው” አሉ፤ “ኒኬል ይባላል።
ይናከሳል፤ እሱንም ጻፈው።”