የዋንዛ ድምፅ

ከሂርማታ ገበያ ጀርባ፣ ጭቃ ከማይደርቅበት መንገድ ዳር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ኖርኩ፣ ከእንጨት ጠባይ ስማር።
ዋንዛን በዐይንህ ብቻ አትግዛው፤ ይሸነግልሃል፤
ላዩ ለስልሶ ይስቃል፣ ሆዱን ምስጥ በልቶታል።
ስለዚህ አንኳኳዋለሁ፣ በጣቴ አንጓ፣ ቀስ አድርጌ፣
ጆሮዬን ለጥፌ ከግንዱ፣ የውስጡን ወሬ ፈልጌ።
ደህናው ድምፁ ሙሉ ነው፣ እንደ ከበሮ ይመልሳል፤
የተበላው «ጧ» ይልና በቀዳዳው ዱቄት ያፈሳል።
ረዳቴ ነዚፍ ይስቃል፦ «ልጅህን ልትድርለት ነው፣
ይሄን ያህል የምትመረምረው?»
ይሳቅ።
ሳላንኳኳ የገዛሁት አንድም ግንድ የለም።

ሰውዬውን ግን አላንኳኳሁትም።

በምርጫው ሰሞን ሱቄ መጣ፤ ያላለቀ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣
የአባቴን ስም ጠራ፣ የእናቴን መንደር፤
ዝምድና በሰባት ቤት ቆጠረና ከወንድሜ በለጠ።
ኮፍያ ሰጠኝ፣ ነጭ፤ ለነዚፍ ደግሞ ሸሚዝ፤
ሲወጣ በጆሮዬ፦ «ለትምህርት ቤት አለ፣
የአርባ ወንበር ትዕዛዝ።»
ከዚያ ወዲያ ጆሮዬ ሌላ አልሰማም። ሰልፉ ላይ ቆምኩ ማለዳ፤
አውራ ጣቴን ከቀለም ነከርኩ፤ የከፈልኩ መሰለኝ ዕዳ።
እኔ ብቻም አይደለሁ። አባ ራያ ለወንድሙ ልጅ ሥራ ብሎ፣
ዙልፋ ለሁለት ኪሎ ስኳር፣
አናጢው ጎረቤቴ ደግሞ «ሁሉም ያው ነው» ብሎ፣
ከአልጋው ሳይወርድ ውሎ።

ድምፄን ሰጠሁ፤
የእሱን ድምፅ ሳልሰማ።

የመንደራችን የእግር ድልድይ፣ ከአዌቱ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ተመረቀ፣
አንድም ሰው ሳያሻግር፤ በሦስተኛው ክረምት ወደቀ።
ቦኖው ደረቀ። ለእኛ መሬት የለም ተባለ፤
በኪቶ በኩል ግን የአማቹ ፎቅ በአንድ በጋ በቀለ።
«ሌቦች» እንላለን በባጃጁ፣ «ሌቦች» በሻይ ቤቱ ጥግ፣
በለቅሶ ድንኳን «ሌቦች»፣ ድምፃችንን አድርገን ዝግ፤
እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደብን እናስመስለዋለን፣
ካርድ ይዘን፣ ተሰልፈን፣ ዝናብ ደብድቦን ያመጣነውን።
እኔም እላለሁ፤ ከሁሉ ጮኼ፣ ከሁሉ ደምቄ፣
ጮኾ የሚሳደብ አይጠረጠርማ፤
ያን ደረሰኝ ደብቄ።

አርባ ወንበር ነው የሠራሁት፤ ወረቀቱ «ሰማንያ» ይላል።
«ፈርም፤ ለሁላችንም ድርሻ አለ» አለኝ።
እጄ መፈረም ያውቃል።
ማንም አላስገደደኝም።
ብሩን ቆጠርኩ፤ የጎደለ መስሎኝ ደግሜ ቆጠርኩ፤ አላፈርኩም።

ልጄ ራዊያ፣ ሦስተኛ ክፍል ናት፤
አንድ ቀን ቀሚሷ ከኋላ ጭቃ ለብሶ መጣች።
«ወደቅሽ?» አልኳት።
«አይ፤ ወንበር አልደረሰንም፤ ድንጋይ ላይ ነን» ብላ
ደብተሯን አወጣች።
ሌላ ምንም አላለችም።
እኔ ግን በሦስተኛ ክፍል ሂሳብ
አርባን ከሰማንያ ስቀንስ አደርኩ።

ዘንድሮ ደግሞ ምርጫ ነው።
መጣ። ኮፍያው አሁን ቢጫ ነው።
ያንኑ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ ያንኑ ሰባት ቤት ቆጠረ፤
ነዚፍ መጋዙን አቁሞ አየኝ፤
ሱቁ በዝምታ ታጠረ።
ጣቴ ተነሳ፣ እንደ ልማዱ፣ ደረቱን ሊያንኳኳ፣
«ድልድዩስ? ቦኖውስ? ያ አርባ ወንበርስ?» ሊል፤
መሃል መንገድ ላይ ግን አመነታ፣
ወደ ራሴ ደረት ዞረ።

አንዴ። ደግሜ።
ነዚፍ ሰማ፤ ሰውዬውም የሰማ መሰለኝ።
ደረቴ ባዶ ድምፅ ሰጠኝ።
ከሸሚዜ ላይ ዱቄት ረገፈ፤
የእንጨቱ ይሁን የእኔ፣
እንጃ።