ለኩርፊያ የተተወች ጥግ

ሃያ ስድስት ካሬ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣
ጄኖቫ፣ ከወደቡ ሽቅብ በሚታይ
ጠባብ መተላለፊያ፣ ሁለት ሰው ሲያልፍበት
አንዱ ጎኑን ሰጥቶ በሚቆምበት።

አሳንሰር የለውም።
ሲሚንቶውን በባልዲ፣ ጣውላውን በትከሻ
ናሁሰናይ አወጣው፤ እኔ ከኋላው፣ በእጄ መዶሻ፣
እየቆጠርኩ፦ ዘጠና አራት።
ጉልበቴ ያውቃቸዋል፣ እያንዳንዷን፣ ከነስንጥቃት።

ሲኞር ኦታቪዮ፣ አናጢው፣ ሰባን ያለፈው፣
የሚታጠፍ የእንጨት ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው፤
ግድግዳውን እንደ ሐኪም በጣቱ አንኳኳ፣
«ይኼ ባዶ ነው» አለ፤ ስናፈርሰው ለካ
ከጀርባው አርባ ሳንቲም ተደብቆ ኖሯል፤
አቧራ ያለ ኪራይ ስንት ዘመን ከርሟል።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ መታጠፍ ተማረ፤
አልጋው ቀን ቀን ቆሞ፣ ግድግዳ ተደግፎ አደረ፤
ጠረጴዛው ከመስኮቱ ሥር እንደ ምላስ ወጣ፣
በረገጥንበት ሁሉ መሳቢያ መጣ፤
ከሶፋው ሥር ሽንኩርት፣
ከመስታወቱ ጀርባ ካፖርት፣
ከበሩ በላይ ሻንጣ፤ ሻንጣው ውስጥ ሌላ ሻንጣ።

ሁሉም ቦታ አገኘ። አንድ ነገር ቀረ።
ቅዳሜ፣ በቀለም ሰበብ፣ ጠብ ተጀመረ፤
እሱ ነጭ ነው የሚል፣ እኔ የሎሚ ልጣጭ፤
ተኳረፍን። ቤቱ ግን ለኩርፊያ አልሰጠንም አማራጭ።
ፊቴን ባዞር ፍሪጅ፣ ፊቱን ቢያዞር እኔ፤
በሩን በርግዶ እንዳይሄድ ጠረጴዛው ተዘርግቷል ያኔ።
ባንድ አልጋ፣ ጀርባና ጀርባ፣
የሰው ትንፋሽ ስንቆጥር ነጋ።

ጠዋት አናጢው፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
ለአርባዋ ሳንቲም መደርደሪያ ሊሠራ ጣውላ አምጥቶ፣
«ተዋት» አልኩት። «ምን ልታደርጊባት?»
በጣልያንኛ ቃሉን ከየት ላምጣላት?
ከንፈሬን አሹዬ፣ ፊቴን አዙሬ
አሳየሁት፣ ክንዴን ደረቴ ላይ ቆላልፌ።

ሳቀ። ከዚያ ሜትሩን ቀስ ብሎ አጠፈው።
«እኔ አራት ክፍል አለኝ» አለ።
«ሚስቴ ካረፈች ስድስት ዓመት።
አራት ክፍል ሙሉ ቦታ፤ አንድ የሚያኮርፈኝ የለ።»

መደርደሪያው ቀረ። በርጩማ ሠራላት፣ የአንድ ሰው፣
ፊቷ ወደ መስኮት፣ በጣሪያዎች መሃል
የጣት ስፋት ባሕር ወደሚታይበት።
ሒሳቡ ላይ አልጻፋት።

እስካሁን ናሁሰናይ ሁለቴ ተቀምጦባታል፤
እኔን አትጠይቁኝ።
ጠረጴዛው አሁንም በሩን ይነካል።
ሐሙስ ማጠፊያውን ሊያይ ይመጣል፤
ምሳ ቆይ ብለነዋል። ሦስተኛ ወንበር የለንም፤
እዚያችው ላይ ነው እንግዲህ፣
ማኩረፍ ቢያምረውም ባያምረውም።