ስምንት ሰዓት

እሑድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሌስተር ወጥ ቤቴ ውስጥ
ድንቹን ግማሽ ልጬ ስልኩ ጮኸ።
ከግሪምዝቢ ነው አሉኝ፣ ከዓሣ ወደብ፤
ባለሙያዋ ማውሪን፣ የፋርማሲ፤ ባለጉዳይዋ አንዲት ሴት፤
ስም አይነገርም።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ «እሷ» አይባልም።
«እኔ» ስትል እኔም «እኔ» ማለት አለብኝ።
ስለዚህ እኔ፣ የስልሳ ሁለት ዓመት ሽማግሌ፣
ደሴ ላይ ሃያ ዓመት ጂኦሜትሪ ያስተማርሁ፣
ጉሮሮዬን ጠርጌ በእንግሊዝኛ
«ኮንዶሙ ተቀደደብኝ» አልሁ።
ማውሪን አልሳቀችም።

የወር አበባዋን ቀን ጠየቀች።
ወደ እኛ ሳመጣው አበባ ይበቅልበታል፣
ወደ እነሱ ስመልሰው ይረግፋል።
አበባውን ጥዬ ቀኑን ሰጠሁ።

«የድንገተኛ መከላከያ» ስላት ዝም አለች።
ገባኝ። መከላከያ ሲባል ጦር ነው የሚመጣብን፣
ካሚዮን፣ ከስክስ ጫማ፣ በሌሊት የሚንኳኳ በር።
«ፖስት ፒል» አልኋት ቀስ ብዬ።
«እህ፣ እሷን!» ታስሮ የነበረ ትንፋሿ ተፈታ።

«ማስወረድ ነው?»
ማለስለስ አልተፈቀደልኝም፤ እንዳለ አሻገርሁ።
«አይደለም። እንቁላሉ እንዳይወጣ ታዘገየዋለች።
ፅንስ ካለ አትነካውም።»
ይህንንም እንዳለ መለስሁ፣
ደስታዬን ከድምፄ ሸሽጌ።

«መቼ ነው የሆነው?»
«ሐሙስ ሌሊት። ስምንት ሰዓት።»

ስምንት በእንግሊዝኛ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፤
ዋጥሁት።
ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፤ በእነሱ ዓርብ ነው፣ ሁለት ነው።

ያኔ እሷ፦ «ጠዋት ሌላ ፋርማሲ ሄጄ ነበር፣ አራት ሰዓት ላይ።
አስተርጓሚ የላቸውም። ወረቀት ሰጠኝ፤
ቀኑን ከስልኬ ቀድቼ ‹8› ብዬ ጻፍሁ።
72 ጻፈ፣ ከሥሩ 74 ጻፈ፣ አሰመረበት፣
ራሱን ነቀነቀ፣ በሩን አሳየኝ።»

ቢላዋዬን ድንቹ ላይ አስቀመጥሁ።
የሰውየው ስሌት አልተሳሳተም፣
የተነሣበት ነጥብ እንጂ።
«አስተርጓሚው ማብራሪያ አለው» አልሁ፤
የራሴን ሐሳብ ስናገር ብቻ ነው «እኔ» የማልለው።
ቀንም ሌትም በኛ ዘንድ
ከአንድ እንደሚቆጠር አስረዳሁ፤
የሐሙስ ጠዋት ስምንት የዓርብ ሌሊት ሁለት እንደሆነ።
ስልሳ አንድ ሰዓት አልፏል። አሥራ አንድ ይቀራል።
የብዕሯ ጫፍ ጠረጴዛውን ሲመታ ይሰማኛል።
«እንግዲያው እንደርሳለን» አለች።

ቦርሳ ተከፈተ፣ ሳንቲም ተንኳኳ።
«ሃያ ሦስት ፓውንድ አለኝ። የቀረውን ፋብሪካው ሲከፍለኝ...»
«ምንም አትከፍይም። የመንግሥት ጤና ነው የሚከፍለው።»
«ምንም?»
«ምንም» አልኋት።
ማውሪንን ሳልጠይቅ መለስሁ፤ ጥፋት ነው፣ ይጻፍብኝ።

ውሃ ሲቀዳ ሰማሁ። የወረቀት ብርጭቆ መሰለኝ።
ከዚያ ጉሮሮዋን፣
ከመቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ማዶ፣ አንዴ።

«በሦስት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ፣ ተመለሺ።»
አሻገርሁት። «እሺ» አለች፤ መስመሩ ተቆረጠ።
ጥሪ፦ አሥራ ስድስት ደቂቃ። ቋንቋ፦ አማርኛ።

ድንቹ ጠቁሯል። ቢላዋውን ሳነሣ ነው የመጣብኝ፦
ሦስት ሰዓት አልኋት። የቱን ሦስት?
የሚቆጠረውን ወይስ ማታ የሚደውለውን?
ልደውልላት ቁጥሯ የለኝ፣
ልጸልይላት ስሟን አላውቅ።
እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃኝ «እሺ» የምትል ተማሪ ብዙ ነበረችኝ፣
ሳይገባት።

ስልኩን ከልጣጩ አጠገብ አድርጌ ተቀመጥሁ፤
ሌላ አስተርጓሚ ጋ እንደሚደውል እያወቅሁ፣
እስከ አሥራ ሁለት፣
ከዚያም ለጥንቃቄ
እስከ ማታ ሦስት ሰዓት።